ጠመንጃውን እንግዛ፤ ለጠበቃውስ ማን ይከፍላል?

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እሁድ ዕለት፣ እዚህ ቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም ማህበራችን ስብሰባ ነበረው። አጀንዳው አንድ ብቻ፦ ሌባ።

የኮንዶሚኒየም ስብሰባ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሦስት ሰዓት ተብሎ አራት ተኩል ይጀመራል። ፕላስቲክ ወንበር ከየቤቱ ይወርዳል። ልጆች በመሃል ኳስ ይለጋሉ። መምህር ከሆንክ ደግሞ ማንም ሳይጠይቅህ «ቃለ ጉባኤ አንተ ያዝ» ትባላለህ። ያዝኩ። በአንድ ወር ውስጥ የተሰረቀው ተዘረዘረ፦ ሁለት የውሃ ቆጣሪ፣ የአንድ ሚኒባስ ባትሪ፣ ግራውንድ ላይ ካለ ቤት በመስኮት የወጣ ላፕቶፕ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስ ሳይቀር።

አንድ ጎረቤታችን ተነሱና «እነዚህ ጥበቃዎች ዱላ ይዘው ምን ያድርጉ? ሌባው ገጀራ ይዞ ነው የሚመጣው። በሕጋዊ መንገድ ፈቃድ አውጥተን መሣሪያ እናስታጥቃቸው» አሉ። ጭብጨባው ቀለጠ። ዋጋው ተገመተ፣ ለየቤቱ ስንት እንደሚደርስ ተካፈለ፣ ፈቃዱን የሚከታተል ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። እጅ አውጡ ተባለ። 41 እጅ ቆጠርኩ። አንዱ የባለቤቴ ነበር።

ቃለ ጉባኤ ያዥ ብዙ ማውራት የለበትም፤ ግን አላስቻለኝም። እጄን አወጣሁና «አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ጥይቱ ከወጣ በኋላ ለጠበቃው ማን ይከፍላል?» አልኩ።

ዝም ተባለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሰብሳቢው «መምህር፣ ነገሩን አታወሳስብብን» አሉኝ።

እኔ አይደለሁም ያወሳሰብኩት። ነገሩ ራሱ ውስብስብ ነው። በቤተሰቤ ስላየሁት አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው ዛሬ ይህን ረጅም ጽሑፍ የለጠፍኩት። ሻይ ይዛችሁ አንብቡልኝ።

አጎቴ የመንዝ ሰው ናቸው። ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ። ቤታቸው ግድግዳ ላይ ከአባታቸው የወረሱት አንድ አሮጌ ምንሽር ተሰቅሎ ነው ያደግሁት። ለትልቅ ሰው ለቅሶና ለሠርግ ይዘውት ይወጣሉ፤ ሌላ ጊዜ ተወልውሎ ይሰቀላል። ለኛ ለልጆቹ የቤቱ ጌጥ እንጂ ሰው የሚጎዳ ነገር አይመስለንም ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት አንድ ሌሊት ውሻ ጮኸ። የበጎቹ ጋጣ ተከፍቷል። አጎቴ ምንሽሩን ይዘው ወጡና «ማነህ!» አሉ። መልስ የለም። ተኮሱ። አንድ ጥይት። ከጨለማው ውስጥ አንድ ሰው «ኧረ እናቴ!» አለ።

ልጁ 19 ዓመቱ ነበር፤ የወንዝ ማዶ ቀበሌ ልጅ። ጥይቱ ጭኑን ከኋላ መትቶ አጥንቱን ሰብሮታል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሞተም።

«ከኋላ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ከዚያ በኋላ ያየነው ፍዳ ሁሉ ከሷ ነው የመጣው።

ብዙ ሰው «ቤቴ ለገባ ሌባ ብተኩስ ማን ይጠይቀኛል?» ይላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ግን እንደዚያ አይልም። አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከል አያስቀጣም ይላል፤ ነገር ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። ጥቃቱ ሕገ ወጥ ሆኖ እየተፈጸመ ያለ ወይም ሊፈጸም የተቃረበ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ማምለጥ የማይቻል መሆን አለበት። መከላከሉም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ከዚህ ወሰን ያለፈ ሰው ደግሞ በአንቀጽ 79 ጥፋተኛ ነው፤ ቅጣቱ ግን ሊቀልለት ይችላል።

ዓቃቤ ሕጉ «ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሸሽ ነው የተመታው፤ በጎቹም ከጋጣ አልወጡም» አሉ። አጎቴ «በዚያ ጨለማ በግ ይዞ ይሁን ጦር ይዞ ምን አየሁ?» አሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥም ነው ጠበቃ የሚያስፈልገው።

አሁን ሒሳቡን ስሙ።

መጀመሪያ እስሩ። ልጁ ይሙት ይትረፍ ሳይታወቅ የዋስትና ነገር አልተነሣም። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ፣ የ1954ቱ ማለት ነው፣ አንቀጽ 63 ላይ ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት የሚያስከትል ከሆነና ተጎጂው የሞተ ወይም ሊሞት የሚችል ከሆነ ዋስ አይፈቅድም። የሐኪም ወረቀት እስኪመጣ አጎቴ ታስረው ቆዩ። ያን ጊዜ ደግሞ ገብስ የሚታረምበት ወቅት ነው። ማን ያርመው?

ቀጥሎ ጠበቃው። ደብረ ብርሃን ከሚገኝ ጠበቃ ጋር በ15,000 ብር ተስማማን። አንድ በሬ በ9,000 ተሸጠ። አምስት በግ እያንዳንዱ በ1,200 ተሸጠ። ልክ 15,000። ድምሩን የደመርኩት እኔ ስለሆንኩ አልረሳውም። ሌባው ሊወስድ የመጣው በግ ለጠበቃው ሄደ።

ከዚያ የመንገዱ። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ትራንስፖርት አለ፣ የምስክሮች ምሳ አለ፣ ማደሪያ አለ። ቀጠሮው ሲራዘም ያው ወጪ ይደገማል።

በመጨረሻ ሽምግልናው። ሽማግሌዎች ገብተው ለልጁ ሕክምናና ካሳ 20,000 ብር ይከፈል አሉ። ዘመድ አዝማድ አዋጣ። እኔም ያኔ ደመወዜ ምን ያህል እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ተበድሬ ነው የሰጠሁት።

ፍርዱ፣ ከሕጋዊ መከላከል ወሰን አልፈዋል ተብሎ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ሆነ። ምንሽሩ በኤግዚቢትነት ተይዞ ነበር፤ በዚያው ተወረሰ። አጎቴ ሲፈቱ ግድግዳው ላይ ችንካሩ ብቻ ቀርቶ ነበር።

«ታዲያ መንግሥት ጠበቃ አይመድብም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይመድባል። ሥነ ዜጋ ስላስተማርኳችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5፦ ተከሳሽ ለጠበቃ የመክፈል አቅም ከሌለውና በዚህ የተነሳ ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ያገኛል። ለስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት! ችሎት ላይ ዳኛው «ጠበቃ ለማቆም አቅም አለዎት?» ብለው ሲጠይቁ ግን አጎቴ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «አለኝ።» የወንዝ ማዶ ሰዎች በሙሉ በተቀመጡበት ድሃ ነኝ ማለት አፈሩ። በሬ ያለው ሰው ድሃ ነኝ አይልም። ያው በሬው ሄደ።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ። ሀብታም ጠበቃ ይገዛል። ምንም የሌለው ጠበቃ ይመደብለታል፤ ቢያንስ ሕጉ እንደዚያ ይላል። አንድ በሬ ያለው ሰው ግን በመሃል ይቀራል። ለነፃው ሀብታም ነው፣ ለሚከፈለው ድሃ ነው። አብዛኞቻችን እዚያ መሃል ላይ ነን። እኔም ባለሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ይዤ እዚያው ነኝ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ልጅ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ አገኘሁት። ዱላ ይዞ ያነክሳል። ሰላም ልበለው ወይስ ልለፈው እያልኩ ስቆም እሱ ቀድሞ ሰላም አለኝ። ሻይ ጠጣን። ስለዚያ ሌሊት ብዙ አላወራም። አንድ ነገር ብቻ አለኝ፦ «የናንተ በሬ ለጠበቃ ሄደ፤ የኛ ላም ለሐኪም ሄደች። በጎቹ ግን እዚያው ጋጣ ውስጥ ነበሩ።»

ስለ ጠመንጃ ወሬ በተነሣ ቁጥር ይህ ንግግሩ ነው ጆሮዬ ላይ የሚያቃጭለው።

ባለፈው ዓመት ዴንቨር የሚኖር የድሮ ተማሪዬ በሜሴንጀር ደወለልኝ። ነዳጅ ማደያ ሱቅ ውስጥ ሌሊት ይሠራል። ፈቃድ ያለው ሽጉጥ አለው። «አትፈራም ወይ?» አልኩት። «ቲቸር፣ ኢንሹራንስ ገብቻለሁ» አለኝ። የመኪናውን የሚያወራ መስሎኝ ነበር። «ኧረ የሽጉጤን!»

ሳቅኩ። እሱ ግን የምሩን ነው። በየወሩ ይከፍላል። ራሱን ለመከላከል ተኩሶ ቢታሰር የጠበቃውን ወጪ ይሸፍኑለታል፣ በማንኛውም ሰዓት የሚደውልበት ቁጥር አለው፣ ለዋስትናም የሚሆን አለው። በጎቻችንን አሰብኩ። «ይሄ ነገር ያኔ ቢኖረን» አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ስለ ጉዳዩ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ አሜሪካ ውስጥም ቀላል ክርክር አላስነሣም። የጠመንጃ ባለቤቶች ማህበር የሆነው ኤንአርኤ በ2017 እ.ኤ.አ. «ኬሪ ጋርድ» የሚባል እንዲህ ያለ መድን ይዞ ወጣ። ተቃዋሚዎች «የግድያ መድን» አሉት። በ2018 የኒውዮርክ ግዛት የፋይናንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሽያጩን ያስተዳድር የነበረውን ሎክተን የተባለ አሻሻጭ ድርጅት 7 ሚሊዮን ዶላር፣ መድኑን የሰጠውን ቸብ የተባለ ኩባንያ ደግሞ 1.3 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለ። ምክንያቱ፣ ሰው ሆን ብሎ ላደረሰው ጉዳት መድን መሸጥ በግዛቱ ሕግ አይፈቀድም የሚል ነበር። በ2020 ማህበሩ ራሱ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ በኒውዮርክ ለአምስት ዓመት መድን እንዳያሻሽጥ ተስማማ።

በሌላ በኩል ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ሆዜ የምትባል ከተማ በ2022 የተገላቢጦሹን አወጀች። ጠመንጃ ያለው ሁሉ፣ መሣሪያው በድንገት ለሚያደርሰው ጉዳት የኃላፊነት መድን ይግባ አለች። ጀርመንም መሣሪያ ይዞ ለመንቀሳቀስ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የኃላፊነት መድን እንዳለው ማሳየት አለበት።

ልዩነቱን አያችሁት? ሁለቱም «የጠመንጃ መድን» ይባላሉ። አንደኛው የሚያስበው ቃታውን ለሳበው ሰው ነው። ሁለተኛው የሚያስበው ጥይቱ ላረፈበት ሰው ነው። የተማሪዬ መድን ለአጎቴ በሬ ይደርስ ነበር። ለዚያ ልጅ ላም ግን አይደርስም።

ወደ አገራችን ስመለስ፣ ከስብሰባው በኋላ በነበረው ሳምንት አንድ የመድን ድርጅት ቅርንጫፍ ገብቼ ጠየቅሁ። ልጅቷ ትሑት ናት። የመኪና፣ የእሳት፣ የስርቆት፣ የሠራተኛ ጉዳት፣ ሁሉንም ቆጠረችልኝ። «ጥበቃችን ተኩሶ ቢከሰስ ለጠበቃ የሚከፍልስ?» ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «መምህር፣ እንደሱ ዓይነት እንኳ የለንም» አለችኝ። ቀጥላ አንድ ቁም ነገር ነገረችኝ። ከ1952ቱ ንግድ ሕግ ስለ መድን የሚያወራው ክፍል ዛሬም ይሠራል፤ እዚያ ላይ መድን ሰጪ ያልታሰበ አደጋንና ቸልተኝነትን ይሸፍናል እንጂ መድን የገባው ሰው ሆን ብሎ ያመጣውን ጉዳት አይሸፍንም። ኒውዮርክ ላይ የተነሣው ጥያቄ ራሱ ነው። ራሱን የተከላከለ ሰው ቃታውን የሳበው አስቦ ነው። ታዲያ አደጋ እንበለው ወይስ ሆን ተብሎ?

መኪና ግን ተመልከቱ። ከአዋጅ 559/2000 ጀምሮ፣ ኋላም በተተካው በ799/2005፣ ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንገድ ላይ መውጣት ክልክል ነው። ከዚህ ከኛ ሰፈር ወደ አዳማ በሚወስደው ፈጣን መንገድ መግቢያ ላይ ቆማችሁ ብታዩ፣ የሚያልፈው መኪና ሁሉ መስታወቱ ላይ ያቺ ስቲከር አለችው። ሾፌሩ ድሃም ይሁን ሀብታም፣ የሚገጨው ሰው እንዳይወድቅ ታስቦ ነው። መሣሪያ ላይ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ 1177/2012 ወጥቶልናል፤ ያለ ፈቃድ መያዝ አይቻልም። ስቲከር የተለጠፈበት ጠመንጃ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው» እንዳትሉኝ። እኛው ጋ ከጥንት ጀምሮ ነበረ።

ከሶማሌ ክልል የመጣ የሥራ ባልደረባዬ አስተማሪዎች ክፍል ውስጥ ስለ «መግ» ነግሮኛል። አንድ ሰው ነፍስ ካጠፋ ካሳውን የሚከፍለው ብቻውን አይደለም፤ በደም ካሳ አብረው የተሳሰሩ ዘመዶቹ ሁሉ ያዋጣሉ። ለአንድ ወንድ ነፍስ በልማዱ የሚጠቀሰው 100 ግመል ነው። ኦሮሞ ጋ ደግሞ «ጉማ» አለ። የቱሉ ዲምቱ ስም ራሱ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው፤ ያለነው ይህ ልማድ በኖረበት አገር ላይ ነው። በጉማም የገዳዩ ጎሳ ከብቱን አብሮ ያዋጣል፣ ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ካሳው ለሟች ቤተሰብ ይሄዳል። እኛም መንዝ ላይ ያደረግነው ሽምግልና የዚያው ዘመድ ነው።

እነዚህ የወንጀል ፍርድን አይተኩም። አጎቴም ታርቀው ታስረዋል። ግን ሁለት ነገር ያስተምራሉ። አንደኛ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ማን ተጎዳ?» ብለው ነው። ሁለተኛ፣ ሁሉም ስለሚከፍል ሁሉም ይጠብቃል። ነገ ግመሌ እንዳይሄድ ብዬ ዛሬ ያንን ጠጪ ያጎቴን ልጅ «አንተ መሣሪያ አትያዝ» እለዋለሁ። የመድን ድርጅት ከጥንቁቅ ሾፌር ያነሰ፣ ከግዴለሹ የበዛ የሚያስከፍለውም ለዚሁ አይደል?

ወደ ሰፈሬ ልመለስ።

ስብሰባው የተበተነ ዕለት ማታ በር ላይ ጥበቃችንን አገኘኋቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ሁላችንም «ሃምሳ አለቃ» ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸው ወደ 60 ይጠጋል። የድሮ ወታደር ናቸው።

«መምህር፣ ያቺን የጠበቃ ነገር ለምን አነሣሃት?» አሉኝ።

«ቅር አልዎት እንዴ?»

«ኧረ ቅር አላለኝም። እኔ ጠመንጃ ታቅፌ 20 ዓመት አድሬያለሁ። ያን ጊዜ ግን ከኋላዬ መንግሥት ነበረ። አሁን ብተኩስ ከኋላዬ ማን አለ? እናንተ 41 ሰው እጅ አወጣችሁ። ጠመንጃውን የምይዘው እኔ። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም።»

እውነታቸውን ነው። በቃለ ጉባኤው ላይ የሳቸው ስም የለም። እኔው ነኝ የጻፍኩት፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

እስቲ እናስበው። ሃምሳ አለቃ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የውሃ ቆጣሪ ለሚፈታ ልጅ ተኮሱ እንበል። ልጁ ሞተ። ተራ የሰው ግድያ ከተባለ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ስለዚህ ዋስ የለም። ሕጋዊ መከላከል ነው ብለው እስኪያስረዱ ድረስ ታስረው ይቆያሉ። ለአንድ የውሃ ቆጣሪ ሰው መግደል ከአደጋው ጋር ይመጣጠናል ብሎ የሚያሳምን ጠበቃ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። የልጁ ወላጆች ካሳ ቢጠይቁ ደግሞ ፍትሐ ብሔር ሕጉ ሠራተኛ በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪውንም ይጠይቃል። አሠሪው ማን ነው? ማህበሩ። ማህበሩ ማን ነው? ያ እጁን ያወጣው 41 ሰው፣ ባለቤቴን ጨምሮ።

ቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ከኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት ያለ ሰዎች በብዛት የሚቆዩበት ነው። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በታክሲ ውስጥ ስንቅ የያዙ እናቶች አጠገቤ ይቀመጣሉ። ምሳ ዕቃው በፌስታል ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ ነው። የማንን ጉዳይ ተከታትለው እንደሚሄዱ አልጠይቅም። የሃምሳ አለቃን ባለቤት ግን በዚያ ወንበር ላይ አሰብኳቸው። እኛ ደግሞ ያን ሰሞን «ሌላ ጥበቃ ይቀጠር» ብለን ስንሰበሰብ ታየኝ።

የዛሬ ሳምንት ድጋሚ ተሰበሰብን። ሐሳቤን በወረቀት ይዤ ሄድኩ። ጠመንጃ አይገዛ አላልኩም። ከተገዛ ግን ሦስት ነገር ይቅደም አልኩ። አንደኛ፣ መቼ መተኮስ እንደማይቻል በጽሑፍ ይቀመጥ፣ ሃምሳ አለቃም ሥልጠና ያግኙ። ሁለተኛ፣ ከታሰሩ ማህበሩ ጠበቃ እንዲያቆምላቸውና ፍርድ እስኪያገኙ ደመወዛቸው ለቤተሰባቸው እንዲደርስ በውላቸው ላይ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ለዚህና ጥይቱ ለሚያርፍበት ሰው ሕክምና የሚሆን ከየቤቱ በወር 50 ብር ይዋጣ።

እጅ አውጡ ተባለ። ለጠመንጃው 41 የነበረው እጅ ለዚህ 9 ሆነ።

ሰብሳቢው ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያውስ ጠመንጃው ይቆይ» አሉ። ማንም አልተቃወመም። በገንዘቡ ፓውዛ ተገዛ፣ የተቀደደው አጥር ተጠገነ፣ ለጥበቃዎቹ ፊሽካና ባትሪ ተሰጠ።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ልላችሁ አይደለም። ከትናንት ወዲያ ሌሊት ከተሰቀሉት ፓውዛዎች አንዱን ሰረቁት። ያ ጠመንጃ ይገዛ ያሉት ጎረቤቴ ደረጃ ላይ አግኝተውኝ «ያው፣ መብራቱንም ወሰዱልህ» አሉኝ። እውነት አላቸው፤ ሌባው አሁንም አለ። ግን ያን ሌሊት ሃምሳ አለቃ ፊሽካ ነፍተው፣ ሰው ወጥቶ፣ ልጁ አጥር ዘሎ ሄደ። በሁለት እግሩ ሄደ። ሃምሳ አለቃም ጠዋት ሻያቸውን ጠጥተው ቤታቸው ገቡ። እኔ ይህን ትርፍ ብዬ ነው የጻፍኩት።

እጃችንን ያወጣን 9 ሰዎች ግን 50 ብራችንን ማዋጣት ጀምረናል። ለጥበቃዎቻችን ነው፤ ቢታሰሩም ቢታመሙም። ለሞተ የሚደርስ እድር ሁላችንም አለን፤ ድንኳኑም ወንበሩም አይጠፋም። በሕይወት እያለ ለሚታሰርና ለሚቆስል የሚደርስ ግን የለንም። ሃምሳ አለቃ ሲሰሙ «የቁም እድር በሉታ» አሉ። እንደሱው ይባል ብለን መዝገቡ ላይ ጽፈነዋል።

መሣሪያ በቤታችሁ ያለ፣ ወይም ገጠር አባታችሁ ግድግዳ ላይ የሰቀሉ ወዳጆቼ፣ ሦስት ነገር ልለምናችሁ። ፈቃዱ የተሟላ መሆኑን አረጋግጡ። ጀርባውን ለሰጠ ሰው አትተኩሱ፤ በሕግም በእግዚአብሔርም ፊት ከባድ ነው። ክፉ ቀን መጥቶ ዳኛ «ለጠበቃ አቅም አለህ?» ብሎ ከጠየቃችሁ ደግሞ ከሌላችሁ የለኝም በሉ። ማፈር አያስፈልግም፤ በሕገ መንግሥት የተጻፈ መብታችሁ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ።

ሕግ አጥንታችሁ ጠበቃ የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ለእናንተም አንድ ነገር አለኝ። ለፌዴራል ጠበቆች በ1992 ዓ.ም. የወጣው የሥነ ምግባር ደንብ በዓመት 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ አገልግሎት እንድትሰጡ ይጠይቅ ነበር። ከዚያ 50 ሰዓት ሁለቱን ለኛ ሰፈር ብትሰጡን ብዬ ነው። አንድ እሁድ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ኑና ስለ አንቀጽ 78 ለጥበቃዎቻችን አስረዱልን። ወንበር አለን። ሦስት ሰዓት ብለን አራት ተኩል እንጀምራለን። ቃለ ጉባኤውን እኔ እይዛለሁ፤ በዚህኛው ላይ የሃምሳ አለቃን ስም መጀመሪያ እጽፋለሁ።